ጥሬ ነው ለብ ለብ?

አቃቂ በሰቃ ለማሽን እንግዳ አይደለችም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እያፏጨ አልፎባታል። በጃንሆይ ዘመን ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቱን እናትና አባት በፈረቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። የብረታ ብረት ፋብሪካውም ለሌሎች ማሽኖች መለዋወጫ ይቀርጻል። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ማሽን አይፈራም፤ ያከብራል። ጣጣው የመጣው ከማክበሩ ነው።

አከባበራችን ይታወቃል። አዲስ ማሽን ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ከዚያ «ከእንግዲህ የሰው ጉልበት ቀረ» የሚል ንግግር ይደረጋል። ማሽኑን የሚያጎርሰውን፣ የሚጠርገውን፣ ሲቆምም መታ መታ አድርጎ የሚያስነሣውን ሰው ፎቶው ውስጥ ፈልጉት። ከተገኘም የሚታየው ግማሽ ትከሻው ነው።

የአዲስ ማሽን ወሬ ያመጣልን ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው። ለአጭር ሥልጠና ውጭ ሄዶ መመለሱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሉካንዳ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ አዲስ መሣሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ሊገዛ መሆኑን አበሠረን።

«ጋሼ፣ ከታማሚ የተወሰደች ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ይሰጡታል፤ ቁልፉን ይጫኑታል፤ እሱ ራሱ ፈትቶ እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው አድርጎ ያወጣልዎታል። ሰው እጁን አያስገባም።»

የሉካንዳው ባለቤት ቢላውን ሞረድ ላይ እያፋጨ «ክትፎ ነዋ!» አለ።

ልጁ ትንሽ ቅር አለው። ክትፎ እንዳልሆነ፣ ክትፎ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ፍርፋሪ ገና ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዋስ ተጣብቆባት እንደምትገኝ፣ የእሱ ማሽን ግን ሕዋሱን ከሕዋስ እንደሚያላቅቅ በትዕግሥት አስረዳ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማውና በሙሉ ቁም ነገር ጠየቀ።

«ታዲያ ጥሬ ነው ለብ ለብ?»

በረንዳው በሳቅ ሞላ፤ ልጁም ሳቀ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ነገሩን ሳገላብጠው በዚያ ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይኸው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ላስረዳ።

ሰውነታችን በግምት 37 ትሪሊዮን ሕዋስ አለው። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ቁራጭ ሥጋ ሲመረምሩ ሁሉንም በአንድ ላይ ደፍጥጠው ጭማቂውን ያነቡ ነበር። የሚወጣው ውጤት የሁሉም አማካይ ነው። በሽታው የተደበቀባቸው ጥቂት ሕዋሳት በብዙኃኑ ድምፅ ይዋጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአንዲትን ሕዋስ የዘረመል መልእክት ለብቻው ማንበብ ተቻለ። በ2015 ሕዋሳትን በጥቃቅን የዘይትና የውሃ ጠብታዎች እየነጠሉ ሺዎችን በአንድ ጊዜ ማንበብ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎች ለንደን ላይ ተሰብስበው የሰውን ሕዋስ ሁሉ የሚመዘግብ አትላስ እንሥራ ተባባሉ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ንባብ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሕዋሳቱ መጀመሪያ ከሥጋው መላቀቅ አለባቸው፤ ያውም በሕይወት።

አይላቀቁም። ኮላጅን የሚባል ገመድ ጠፍሮ ይዟቸዋል። ገመዱን የሚቆርጠው ኢንዛይም ኮላጅኔዝ ይባላል። ለሥራው የሚመረተው ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲከም ከምትባል ባክቴሪያ ነው፤ የእሷም ሙያ የቁስል ሥጋ ማበስበስ ነው። ሳይንስ ክፉ ሠራተኛ ሲያገኝ አይጥልም፤ ደመወዝ ቆርጦ ይቀጥራል። እንግዲህ ይህ ኢንዛይም ደህና አድርጎ የሚሠራው በ37 ዲግሪ ሙቀት ነው። ለብ ለብ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ደግሞ ሕዋሱ ገና ሕያው ስለሆነ የሚደርስበትን ሁሉ ያውቃል። ሲቆራረጥ፣ ሲናጥ፣ ጎረቤቱን ሲነጠቅ ይደነግጣል፤ የድንጋጤ ዘረመሎቹን ያበራል። በ2017 ኔዘርላንድስ ውስጥ ኡትሬክት ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ጡንቻ ሲመረምሩ ለየት ያለ የሕዋስ ጎራ አገኙ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ያ ጎራ የተፈጠረው በራሳቸው አፈታት ሆኖ ተገኘ። ሕዋሱ ስለ ኑሮው ተጠይቆ የመለሰው ስለ ድብደባው ነበር።

በዚያው ዓመት ሲንሲናቲ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በቅዝቃዜ የሚሠራ የባክቴሪያ ኢንዛይም ወስደው የአይጥ ኩላሊትን በ6 ዲግሪ ፈቱ። ድንጋጤው በእጅጉ ቀነሰ። ጥሬውን ማለት ነው። የአቃቂ በሰቃ ሉካንዳ ምንም መጽሔት ሳያገላብጥ የደረሰበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ዓይነቱ ብዙ ነው። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የጀርመኑ ሚልተኒ ባዮቴክ የሚሠራው ጀንትልማክስ ነው። ሥጋው ክዳኑ ውስጥ መቁረጫ ባለበት የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ተዘቅዝቆ ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ ለጉበት፣ ለሳንባ፣ ለዕጢ የተዘጋጀው ፕሮግራም ይመረጣል። ማሽኑ ወዲያና ወዲህ እያሽከረከረ ይፈታዋል። ልጁ ያልዋሸን እስከዚህ ድረስ ነው። «ሰው እጁን አያስገባም» ያለውን ግን አልለቀቅሁትም። በሌላ ቀን ብቻውን ሳገኘው በሥልጠናው እንዳየው ሠራተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ምን እንደሚያደርግ አስነገርኩት።

ሥጋው ከቀዶ ጥገና ክፍል እንደወጣ በበረዶ መያዝ አለበት። ያዡ እሱ ነው። ከዚያ በሳህን ላይ ስቡንና የሞተውን ክፍል በወረንጦ ይለቅማል። በመቀስና በምላጭ በጥቂት ሚሊሜትር ይከትፋል። ኢንዛይሙን ይመዝናል፣ ያሟሟል፣ ቱቦው ውስጥ ይጨምራል። አሁን ማሽኑ ይሽከረከራል። ልጁ በዚህ ጊዜ ሻይ ይጠጣ ይሆን ብዬ ነበር፤ የሚቀጥለውን ቱቦ ያዘጋጃል። ማሽኑ ሲያበቃ ፈሳሹን 70 ማይክሮን፣ ቀጥሎም 40 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያጠልላል። ያሽከረክራል፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል፣ ያጥባል፣ እንደገና ያሽከረክራል። ትሪፓን ብሉ የሚባል ቀለም ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል፤ የሞተው ሕዋስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያልሞተው ቀለሙን አይቀበልም። በመጨረሻ በአንድ ማይክሮሊትር ከ700 እስከ 1,200 ሕዋስ እንዲገኝ አድርጎ ያመጣጥናል።

«ታዲያ ማሽኑ የቱን ሠራ?» አልኩት።

«መሃሉን» አለ።

መሃሉ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ልጁ በጾም ሰዓት ሲከትፍና ቁርስ በልቶ ሲከትፍ እጁ አንድ አይደለም። የእሱና የባልደረባው እጅም አንድ አይደለም። አንዱ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ የመጣ ቀን ሕዋሱ ያንን ጠብ ይከፍላል። ማሽን አይጾምም፣ አይጣላም፤ ሰኞ እንደሠራው ዓርብም ይሠራል። ሁለት ሀገር ያሉ ላብራቶሪዎች ውጤታቸውን ማነጻጸር የሚችሉት መሃሉ እንዲህ ሲመሳሰል ነው። ማሽኑ የሚያኮራው በዚህ ነበር። በምረቃው ንግግር ላይ ግን ይህ አይነሣም፤ የሚነሣው የሰው ጉልበት መቅረቱ ነው።

ይህች ፈሊጥ የእኛ ብቻ እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ በቀጭን የሐር ጨርቅ ጨምቆ ወደ ነጠላ ሕዋሳት በተነው። ሕዋሳቱ ተፈላልገው እንደገና ተሰበሰቡና ስፖንጅ ሆኑ። ጨማቂው እጅ ነው፤ ማንም አውቶማቲክ አላለውም። በ1988 ደግሞ ካሚሎ ሪኮርዲ የሰውን ቆሽት ፈትቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የሕዋስ ደሴቶች የሚያወጣበትን ዕቃ ለዓለም አስተዋወቀ። ቆሽቱ ሞቅ ካለ ኢንዛይም ጋር የብረት ኳሶች ያሉበት ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ፈሳሹ ይዘዋወራል፤ ዕቃው ይነቀነቃል። ጽሑፉ ርዕሱ ላይ «አውቶማቲክ ዘዴ» ይላል። ብዙ ሕሙማን የተጠቀሙበት ድንቅ ሥራ ነው። ይሁንና ዛሬም በስንት ታላላቅ ላብራቶሪ ያንን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ የሚነቀንቅ ጎልማሳ ታገኛላችሁ። አውቶማቲኩ እሱ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ቃሊቲ፣ በ1999 ዓ.ም. የተመረቀ የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል አለ። መንግሥት ዝንብ ያረባል ሲባል ሰፈሩ ስንት ጊዜ ስቋል! ሐሳቡ ግን ብልህ ነው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብቱን በገንዲ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብ ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ነው፤ የምትወልደውም በየዘጠኝ አሥር ቀኑ አንድ እጭ ብቻ ነው። እንግዲህ ወንዶቹን አርብቶ፣ በጨረር አምክኖ፣ ከአውሮፕላን ቢበትኗቸው የዱሯ ሴት ከመከነው ጋር ትገናኝና ዘር ሳታፈራ ትቀራለች። ዛንዚባር ውስጥ የኡንጉጃ ደሴት በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዝንቡ ነፃ ተብላለች።

ችግሩ ወንዱን ከሴቷ መለየቱ ላይ ነው። የጥንቱ ዘዴ ዝንቦቹን በብርድ አደንዝዞ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋትና አንድ በአንድ በወረንጦ እየገለበጡ የሆዳቸውን ጫፍ ማየት ነው። ያውም ሲሞቃቸው ሳይነቁ። ያቺን ወረንጦ ያዥ ከጠረጴዛው ለማስነሣት ዓለም ያልሞከረው የለም። ሴቶቹ ከቅርፊታቸው ቀደም ብለው ስለሚወጡ ሙቀቱን እያስተካከሉ በቀን መለየት መጣ። ቅርፊቱን ሳይከፍቱ በማይታይ ብርሃን አሳልፎ ወንድና ሴት የሚለይ መሣሪያም መጣ። መሣሪያው ይለያል፤ በትክክል ለየ ወይስ ተሳሳተ ብሎ ናሙና ወስዶ የሚያጣራው ማን ነው? ያው ወረንጦ ያዡ።

የአመጋገቡ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ዝንቦቹ የሚመገቡት የከብት ደም ነው። ደሙ በሚሞቅ ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ በላዩ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይደረጋል፤ ዝንቦቹ የታጎሩበት ሳጥን እላዩ ላይ ይቀመጣል። በፋብሪካ ወግ አንዱ ሳጥን ሲጠግብ ሌላው በዚያው ሳህን ላይ ይተካል፤ ደም አይባክንም፣ ጊዜ አይባክንም። ማዕድ መጋራት በሀገራችን የሚመሰገን ነገር ነው፤ ለዝንብ ግን አልሆነም። የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጥና ዝንቧን የሚያመክን ቫይረስ አለ፤ በምራቅ ከሽፋኑ በታች ወዳለው ደም ይገባል፤ ከዚያ ለተረኛው ይደርሳል። ከአርባ ምንጭ ተወስዶ ኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ ይረባ የነበረ የዝንብ መንጋ እስከ 85 ከመቶው ዕጢው አብጦ እ.ኤ.አ. በ2002 አለቀ። ዝንቡን በጨረር ለማምከን የተነሣ ሳይንስ ሳይጠሩት በመጣ ቫይረስ ተቀደመ። መድኃኒቱ በመጨረሻ የተገኘው ለእያንዳንዱ ሳጥን ትኩስ ደም፣ ትርፍራፊ የሌለበት ማዕድ በማቅረብ ነው። ዕጢው ማበጡስ በምን ታወቀ? ሰው ዝንቧን በማይክሮስኮፕ ሥር ከፍቶ፣ ዕጢዋን ስቦ አውጥቶ አይቶት ነው።

ይህ የዝንብ ምራቅ ዕጢ ወደ ልጃችን ማሽን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ዕጢ ውስጥ ያሉትን የእንቅልፍ በሽታ ተሐዋስያን አንድ በአንድ የዘረመል መልእክታቸውን አንብበው ለመተላለፍ የሚዘጋጁት የትኞቹ እንደሆኑ ለዩ። ነጠላ ሕዋስ አንባቢው መሣሪያ የዘመኑ ምርጥ ነበር። ዕጢውን ከዝንቧ ያወጣው ግን የዘመኑ ምርጥ አይደለም፤ አጎንብሶ ወረንጦ የያዘ ሰው ነው። የዝንብን ዕጢ ያለ ሰው የሚያወጣ ሮቦት የገዛ ካለ፣ የቃሊቲ ጎረቤቶቹ ምረቃው ላይ መገኘት እንፈልጋለን።

በልጁ መሥሪያ ቤት የሆነው ግን ይህን ሁሉ የሚያስንቅ ነው። (መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ እንጀራው ነው።) ማሽኑ ሲመጣ ጉዳዩን የሚከታተል ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ጭንቀት ማሽኑ የት ይቀመጥ የሚል ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ እንዲታይ ተወሰነ። በር ላይ ሶኬት አልነበረም፤ ከሌላ ክፍል ገመድ ተሳበ። ገመዱ ላይ ሰው እንዳይደናቀፍ ምንጣፍ ተደረገበት። ምንጣፉ ሲነጠፍ ደግሞ ለእንግዳ ወንበር ያስፈልጋል ተባለ። በዚህ መካከል መብራት ሄደ።

መብራትና ውሃ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የሚሠራው በራሳችን በአቃቂ ወንዝ ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ጥቂት የማይባለው የሚቀዳውም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ይኸው ውሃችን መሃል ከተማ ቧንቧ ሲያንቆረቁር እኛ ቢጫ ጄሪካን ይዘን ተራ እንጠብቃለን። ስለዚህ 37 ዲግሪ የሚሻ ኢንዛይም፣ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚቀመጥ ሌላ ኢንዛይም፣ ንጹሕ ውሃና በረዶ የሚፈልግ ሥራ እዚህ ሲተከል የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጄኔሬተሩ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መንገዱ መሆን ነበረበት። የጅቡቲ ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፈው በደጃፋችን ነው። ቃሊቲ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ጋዜጣውን ጨርሶ የጎረቤቱን ይጀምራል። ከሆስፒታል የተነሣ ቁራጭ ሥጋ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከተቀመጠ በረዶው ይቀልጣል፤ ሕዋሱም ከረዳቱ ጋር የመልስ ክርክር ሳይጨርስ ይሞታል። ማሽኑ የሚቆጥበው ደቂቃ ነው፤ መንገዱ የሚወስደው ሰዓት ነው። ለደቂቃዋ ዶላር ተገኘላት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 አዳጊ ሀገራት ከ100 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያ ተቆጥሮ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው አገልግሎት የማይሰጥ ሆኖ መገኘቱን ያሳያል። ልጁ ይህን ቁጥር ለኮሚቴው ሲያነብ አንድ አባል ደስ አላቸው፤ «እንግዲያው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ እንደ መልካም ዜና ተመዘገበ።

ማሽኑ ሳይሠራ ወራት ከቆየ በኋላ ልጁ የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ ደብዳቤ ጻፈ። ዝርዝሩ አጭር ነበር፦ ስለታም መቀስ፣ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ ወንፊት፣ የበረዶ መሥሪያ፣ ኢንዛይም። ግዥ ክፍሉ ደብዳቤውን አገላብጦ ካየ በኋላ ልጁን አስጠራው። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው በአባትነት አናገሩት።

«ልጄ፣ ይህ ማሽን የተገዛው እኮ መቀስ እንዲቀር ነው። አሁን መቀስ ግዙ ብለን ብንጽፍ ኦዲተር ምን ይለናል?»

ልጁ ማሽኑ ሥጋውን ተከትፎ እንደሚፈልግ፣ ሙሉውን ቢሰጡት እንደማይውጠው አስረዳ። ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ የገባቸው መስሎት ተስፋ አደረገ። በማግስቱ መልሱ በማኅተም መጣ፦ መቀስና ወረንጦው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት እንዲታይ፤ ኢንዛይሙ የውጭ ምንዛሪ ሲገኝ እንዲጠየቅ፤ በዚህ በጀት ዓመት ግን ማሽኑን ከአቧራ ለመጠበቅ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበት የቬልቬት ልብስ በአስቸኳይ እንዲሰፋለት፤ ለሰፊው የማሽኑን ልክ የሚወስደውም ልጁ ራሱ እንዲሆን ታዟል።